የጥንድ ተጫዋች

በአገራችን የስፖርት ሰው ሲወደስ ወይ አንድ ስም ይጠራል፣ ወይም ዐሥራ አንድ ስም ይደረደራል። ሯጩ ብቻውን ሮጦ ብቻውን ይሸለማል፤ የእግር ኳስ ቡድን ደግሞ ሲያሸንፍ ክብሩ፣ ሲሸነፍም ወቀሳው ለብዙዎች ይከፋፈላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ሌላ ዐይነት ሰው አለ፤ እርሱም ሥራውን ሁሉ ከአንድ ባልንጀራ ጋር የሚሠራ፣ ስሙም ከዚያው ባልንጀራ ስም ጋር ተያይዞ ካልሆነ በቀር የማይጻፍ ሰው ነው። እኛ ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለዚህ ሰው ነው።

ሁለት ሆነው የሠሩ ሰዎች በአራዳ አልታጡም። በምኒልክ አደባባይ የሚያልፍ ሰው ቀና ቢል፣ በ1923 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ ጠላት ነቅሎ የቀበረውንና ከነጻነት በኋላ ተመልሶ የቆመውን የፈረስ ሐውልት ያያል። ከዚያው አጠገብ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ለሰፈሩም ለእግር ኳሱም ቡድን ስሙን አውሷል፤ ያንን ቡድን በ1928 ዓ.ም. ያቋቋሙት አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው። አንዱን ጠርቶ ሌላውን የሚተው ተራኪ እስካሁን አልገጠመንም። ደግሞም ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ በወሰደች ጊዜ፣ ከአራቱ ግቦች ሁለቱን ያገቡት ወንድማማቾቹ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ ነበሩ። ነገር ግን እነርሱም ቢሆኑ ዘጠኝ ጓደኞች አብረዋቸው ነበሩ። በሜዳ ላይ ሁለት ብቻ ሆኖ መቆም ሌላ ነገር ነው።

ይህን ሌላ ነገር እኛ ያወቅነው በባድሜንተን ነው። ከአደባባዩ ብዙ በማይርቅ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት፣ ከአንድ የመሥሪያ ቤት ወዳጃችን ጋር ጥንድ ሆነን ዘጠኝ ዓመት ያህል ተጫውተናል። መረቡን በሁለት ብረት ላይ አስረን፣ መሥመሩን በኖራ አስምረን ነበር። እርግጥ የደጅ ሜዳ ለዚህ ጨዋታ አይስማማም። ባለ ላባው ኳስ በ16 ላባ የተሠራና ክብደቱም ከ5 ግራም ተኩል የማይበልጥ ስለ ሆነ፣ ከእንጦጦ የሚወርድ ጥቂት ነፋስ እንኳ ወዳሻው ይወስደዋል። የከተማችንም አየር ስስ ነውና ኳሱ ከቆላ ይልቅ በዚህ ይፈጥናል፤ ስለዚህም ኳሶቹ በፍጥነታቸው ተለይተው ይሸጣሉ፤ እንደኛ ላለው ደጋ የሚስማማው ቀርፈፍ ያለው ነው። እኛ ግን የምንጫወተው በተገኘው ነበር።

የጥንድን ጨዋታ ያልሞከረ ሰው ሁለት መሆን ድካምን በግማሽ የሚቀንስ ይመስለዋል። የሜዳው ርዝመት በነጠላም በጥንድም 13 ሜትር ከ40 ነው፤ ስፋቱ ግን ለነጠላ 5 ሜትር ከ18፣ ለጥንድ 6 ሜትር ከ10 ነው። እንግዲህ ሰው በእጥፍ ሲጨምር ሜዳው የሰፋው በ92 ሳንቲሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። ባዶ ቦታ ስለሚጠፋ ጨዋታው ይፈጥናል፤ የሚያስቸግረውም ባላጋራው ብቻ ሳይሆን የራስ ባልንጀራ ይሆናል። ሲያጠቁ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይቆማሉ፤ ሲከላከሉ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ከአንዱ አቋቋም ወደ ሌላው የሚዛወሩትም ሳይነጋገሩ ነው፤ ለመነጋገር ጊዜ የለምና። ከሁሉም የሚከፋው በመካከል የሚመጣው ኳስ ነው። የሁለቱም ስለ ሆነ የማንም ሳይሆን ይወድቃል።

ወዳጃችን ቁመቱ ረዘም፣ ክንዱም በርታ ያለ ስለ ነበረ ከኋላ ይቆም ነበር፤ እኛ ከመረቡ ሥር። ተመልካች ሆነው ግንቡ ላይ የሚቀመጡት ተማሪዎች የሚያጨበጭቡት፣ እርሱ ከላይ ወደ ታች በሚያወርደው ብርቱ ምት ነበር። ባላጋራው ኳሱን ወደ ላይ እንዲያነሣ ያስገደደችው ትንሽ ምት ከማን እጅ እንደ ወጣች የሚጠይቅ አልነበረም። ይህ ቅር አሰኝቶን አያውቅም፤ እርሱ ያውቀው ነበርና።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ሰፈሩ በአዲስ መልክ ሲሠራ፣ ከአደባባዩም አጠገብ በዚያው ዓመት በየካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲመረቅ፣ ወዳጃችን በከተማው ዳር ወደ ተሰጠው ቤት ተዛወረ። ቤቱ ከቀድሞው ይሻላል፤ ልጆቹም ወደውታል። ነገር ግን የቅዳሜው ጧት በመንገድ አለቀ፤ ጥቂት ወራት ከተመላለሰ በኋላም ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንድ የሚቀልድ መምህር፣ «እንግዲህ እርሱ ከሌለ እናንተ ምንድን ናችሁ?» አለን። ሳቅን፤ ጥያቄው ግን ከኛ ጋር ወደ ቤት ገባ። ዘጠኝ ዓመት ያካበትነው ችሎታ የኛ ነውን? ወይስ በሁለታችን መካከል የነበረና እርሱ ሲሄድ አብሮ የሄደ ነገር ነበር?

በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለን ነው የኢንዶኔዥያዊውን የቶኒ ጉናዋንን ታሪክ ያነበብነው። ይህ ሰው ኑሮው የጥንድ ጨዋታ ነው። በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ ከቻንድራ ዊጃያ ጋር ሆኖ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በእኛ አቆጣጠር ያው ዓመት ሳይፈጸም ባልንጀራ ለውጦ፣ ከሃሊም ሃርያንቶ ጋር በስፔን አገር በሴቪያ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ትምህርቱን ሲከታተል፣ በቬትናም ከተወለደው ከአሜሪካዊው ከሃዋርድ ባክ ጋር ተጣመረ። አሜሪካ እስከዚያ ድረስ በዚህ ጨዋታ አንድም የዓለም ሻምፒዮን አልነበራትም። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. በካሊፎርንያ በአናሃይም ከተማ እነዚህ ሁለቱ እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ደረሱ፤ በመረቡ ማዶ የቆሙትም የቀድሞው ባልንጀራው ቻንድራ ዊጃያና ሲጊት ቡዲያርቶ ሆኑ፤ እነርሱም በ1989 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮን የነበሩ ናቸው። ጉናዋንና ባክ አሸነፉ።

ከዚህ ታሪክ ላይ ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው፣ «ችሎታው የጉናዋን ነበር፤ ባልንጀሮቹ ተከታዮች ናቸው» ይላል። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበለውም። ዊጃያም እኮ ከሲጊት ጋርም ከጉናዋንም ጋር አሸንፏል፤ ታዲያ ከሁለቱ ማን የማን ተከታይ ነው? ባክም ቢሆን በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ፣ ጉናዋን ገና የአሜሪካ ዜጋ ስላልነበረ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተጣምሮ እስከ ሩብ ፍጻሜ ደርሷል። ለእኛ እንደሚመስለን፣ ከሰው ወደ ሰው ይዞት የሚሄደው ነገር ብርቱ ምት አይደለም፤ አጠገቡ የቆመው ሰው ቀጥሎ ወዴት እንደሚራመድ አስቀድሞ የማየት ልማድ ነው። ይህ ልማድ ደግሞ ቢወሰድም ሳይከፈልበት አይገኝም፤ ከአዲስ ሰው ጋር ሁሉ እንደገና ከፊደል መጀመር ነው። ጉናዋን ዜግነት አግኝቶ በ2004 ዓ.ም. ክረምት በለንደን ኦሊምፒክ ከባክ ጋር በተሰለፈ ጊዜ ዕድሜው 37 ነበር፤ ከምድባቸውም አላለፉም። ይህንም መጻፍ ይገባል።

እኛ በበኩላችን ከአንድ ወጣት መምህር ጋር መጫወት ጀምረናል። ግራኝ ነው። ከቀድሞው ወዳጃችን ጋር በነበርን ጊዜ የመካከሉ ኳስ የማን እንደ ሆነ ተስማምተን ነበር፤ አሁን ግን እርሱ በቀኝ እኛ በግራ ስንቆም የሁለታችንም ብርቱ ጎን ወደ መካከል ስለሚዞር ራኬቶቻችን ይጋጫሉ። አንዱ ራኬት ተሰንጥቋል። በመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች ብዙ ተሸንፈናል፤ ተማሪዎቹም ከግንቡ ላይ እየወረዱ ሄደዋል።

ወዳጃችንም በአዲሱ ሰፈሩ ጎረቤቱን አስተምሮ በሕንፃዎቹ መካከል ባለ ሜዳ ይጫወታል። ይህን በስልክ በነገረን ጊዜ ትንሽ ቅናት ቢጤ ተሰምቶናል፤ አንሸሽገውም። ለገና ጎረቤቱን ይዞ መጥቶ ሊገጥመን ተቀጣጥረናል። የመጀመሪያውን ምት ወዴት እንደምንልከው፣ ስንደክም በየትኛው እግራችን እንደምንዘገይ ከሰው ሁሉ ይልቅ እርሱ ያውቃል። ስለዚህ ከግራኙ መምህር ጋር የለመድነውን ትተን ሌላ አጀማመር እየተለማመድን ነው፤ ሦስት ቅዳሜ ቀርቶናል።