ራስ የሌለው ቤዝ ጊታር

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ቆሮንቶስ 12፥14-26

ኢታንግ በሚገኘው ጉባኤያችን የሚያገለግለውን ቤዝ ጊታር ያየ እንግዳ ሁሉ «ጭንቅላቱ የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። በባሮ ላይ ታንኳ እያዩ ያደጉት ልጆቻችን ደግሞ «መቅዘፊያው» ይሉታል። እውነትም ይመስላል። አካሉ ጠባብ ሳጥን ነው፤ አንገቱ ረጅም ሆኖ ጫፉ ላይ የክር መወጠሪያ የሚሰካበት ራስ የለውም።

ተሰብሮ አይደለም። ይህን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የዕቃ ንድፍ ባለሙያ ኔድ ስታይንበርገር ነው። የተለመደው ቤዝ ከባድ መቃኛዎቹን አንገቱ ጫፍ ላይ ስለሚሸከም ወደ መሬት ያዘነብላል፤ የተጫዋቹ ግራ እጅም ደጋፊ ይሆናል። ስታይንበርገር መቃኛዎቹን ወደ ግርጌ፣ ቀኝ እጅ ወደሚያርፍበት አወረዳቸው። አካሉንና አንገቱንም ከካርቦን ፋይበርና ከሙጫ ሠራው። የእንጨት አንገት ከክሩ ጋር አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ አንዳንዱን ድምፅ ቶሎ ይውጠዋል፤ ጠንካራው ካርቦን ግን ኃይሉን ለክሩ ይተውለታል። ድምፁ ጥርት ያለና ረጅም የሚሆነው ለዚህ ነው።

የእኛው ቅርጹን ብቻ የወረሰ የእንጨት ሥራ ነው። የክረምቱ እርጥበት አንገቱን ስለሚያጎብጠው በየጊዜው ማስተካከል አለብን። ቢሆንም ቀላልና አጭር በመሆኑ በሞተር ሳይክል ይዘነው እንሄዳለን።

የቤዝ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የስልክ ስፒከር ይህን ዝቅተኛ ድምፅ በወጉ አያወጣም። አምልኳችንን በስልክ ቀድተን ስንሰማ ዘማሪው አለ፣ ኪቦርዱ አለ፣ ከበሮው አለ፤ ቤዙ ግን የለም ማለት ይቻላል። በጉባኤው ውስጥ ግን በአግዳሚው በኩል ደረታችን ድረስ ይገባል። ዝም ያለ ቀን መዝሙሩ መሬት ያጣል።

አካባቢያችን ሰላም ባጣበት ወቅት መዘምራኑ ተበታትነው ነበር። ዳግም በተሰበሰብንበት እሑድ በአኙዋክኛ ይጀመር ወይስ በኑዌርኛ የሚለውን ማንም ሊናገር አልደፈረም። ዝምታው ረዘመ። በዚያ መካከል ቤዝ ተጫዋቹ ሁላችንም የምናውቀውን ዜማ መሠረት ቀስ ብሎ መምታት ጀመረ። ቃል ስለሌለው የማንም ወገን አልነበረም። አንዲት እህት በራሷ ቋንቋ ገባች፤ አጠገቧ ያለችው በራሷ ተቀበለች። ቅያሜው በዚያ ቀን አላለቀም፤ መዝሙሩ ግን አንድ ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስ ደካማ የሚመስሉት ብልቶች ይልቁን የሚያስፈልጉ መሆናቸውን ያስተምረናል። በየጉባኤያችን በቀረጻ የማይሰሙ አሉ፤ ወንበር የሚደረድሩ፣ ውኃ የሚቀዱ፣ የተቀያየሙትን በየቤታቸው እየዞሩ የሚያስታርቁ። ወገኖች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ከእነርሱ አንዱን ፈልገን እናመስግን። ጊታር ያለ ራስ ያምር ይሆናል፤ እኛ ግን ራሳችን ክርስቶስ ነውና ከእርሱ ተለይተን ዜማ የለንም።

ጌታ ሆይ፣ ባልታየንበት ስፍራም ታማኞች አድርገን። አሜን።