«ማን አይቶት ነው ኪንታሮት ያለው?»

ይህን የምጽፈው እትዬ ፈቅዳልኝ ነው። «ስሜን ብቻ እንዳታነሺ፤ የቀረውን ጻፊው፤ እንደኔ የሚሰቃይ አይጠፋም» ብላኛለች። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ሰባት ልጆች ወልዳ አሳድጋለች።

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የባዕድ ቁስል ሳጥብ ኖሬ የገዛ እህቴ አንድ ዓመት ሙሉ ስትሰቃይ አላወቅሁም። ያየሁት መክሳቷን ብቻ ነው። ማዕድ ላይ ሁለት ጉርሻ ትጎርስና እጇን ትሰበስባለች። ጾም ነው ትላለች፤ ፍስክ ሲሆንም ያው ነው። ልጆቿ ጨጓራ ነው አሉ። እኔ በልቤ ካንሰር ፈራሁ። አንድ ቀን እኔ ቤት አድራ ጠዋት መጸዳጃ ቤት ስትቆይብኝ በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ታለቅሳለች። ስትወጣ «ኪንታሮት ነው፤ ተዪኝ» አለችኝ።

«ማን አይቶት ነው ኪንታሮት ያለው?» አልኳት።

ማንም አላየውም። ጎረቤት ነው የነገራት። የባህል መድኃኒት አዋቂም ሳያያት የሚቀባ ነገር ሰጥቷት አንገብግቧታል። ምግብ የቀነሰችው መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ ነበር። ይህ ደግሞ ሰገራን ያደርቃል፤ የደረቀው መልሶ ይቀዳታል።

እኛ አገር በመቀመጫ አካባቢ የሚታመም ነገር ሁሉ ኪንታሮት ይባላል። ኪንታሮት ያበጠ የደም ሥር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳያም ይደማል። የእትዬ ግን የፊንጢጣ መሰንጠቅ ነበር፤ በምላጭ የተቆረጠ የመሰለች ትንሽ ስንጥቅ። ሰገራ ሲያልፍ ትቆርጣለች፤ ካለፈም በኋላ ለሰዓታት ታቃጥላለች። ትንሽ ሆና የማትድነው ለምንድን ነው? ፊንጢጣን የሚዘጋው የውስጠኛው ቀለበት ጡንቻ ከሕመሙ የተነሳ ይኮማተራል። ሲኮማተር ደም ወደ ቁስሉ እንደልብ አይደርስም። ይህን ጡንቻ ደግሞ በፈቃዳችን ልናላላው አንችልም።

ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። በዚህ ዕድሜ ደም ከታየ መጀመሪያ ካንሰር አለመሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ተረጋገጠ፣ አይደለም። ከዚያ ውሃ በብዛት መጠጣት፣ አትክልትና ጥራጥሬ፣ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መቀመጥ፣ ጡንቻውን የሚያላላ ቅባት። አዲስ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ በዚሁ ይድናል። የእሷ ግን ከርሞ ስለነበር ሁለት ወር ሞክረን አልዳነም።

የቀረው ቀዶ ሕክምና ነው ተባለ። ከዚያ ጡንቻ ጥቂቱን መቁረጥ ማለት ነው፤ አብዛኛውን ሰው ያድናል። ነገር ግን የተቆረጠ ጡንቻ ተመልሶ አይበቅልም፤ አንዳንዱ ሰው ከዚያ በኋላ አየር ወይም ሰገራ መያዝ ይሳነዋል። ሰባት ጊዜ ላማጠች ሴት ሐኪሙ ራሱ አመነታ። እትዬማ «ቅዳሴ ላይ ቆሜ ቢያመልጠኝስ? ሕመሙ ይሻለኛል» ብላ ቁርጡን ነገረችን።

በዚህ መሃል ልጇን ልታርስ ቨርጂኒያ ሄደች። ልጅቷ እዚያ ለሐኪም አሳየቻትና ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ ቦቶክስ ይወጉሽ አሏት። ይህ የፊት መጨማደድ የሚያጠፋው አይደለም እንዴ?»

እሱው ነው። ነገሩ መርዝ ነው፤ በአግባቡ ባልታሸገ ምግብ ውስጥ የሚራባ ባክቴሪያ ያመነጨዋል፤ የበላውን ሰው መተንፈሻ ሽባ አድርጎ ሊገድል ይችላል። በጣም በትንሹ ተመጥኖ ጡንቻ ላይ ሲወጋ ግን ነርቩ ለጡንቻው የሚልከውን መልእክት ያግዳል። ጡንቻው ለሦስት ወር ያህል ይላላል፤ ደም ይደርሳል፤ ቁስሉ የመዳን ፋታ ያገኛል።

የሮም ሐኪሞች ሙከራቸውን በ1998 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አውጥተዋል። 30 ሕሙማንን ለሁለት ከፍለው ለ15ቱ መድኃኒቱን፣ ለ15ቱ የጨው ውሃ ወጉ። በሁለት ወር ውስጥ ከመድኃኒቱ ወገን 11፣ ከጨው ውሃው ወገን 2 ሰዎች ዳኑ። እኔን የያዙኝ እነዚያ ሁለቱ ናቸው። በጨው ውሃም የሚድን አለ ማለት ነው! «እገሊት በዚህ ቅባት ዳነች» የሚለውን የጎረቤት ምስክርነት የማልቀበለው ለዚህ ነው።

ለልጅቷ ሁሉንም ነገርኳት። ከኋላ የመጡ ንጽጽሮች ቀዶ ሕክምናው የበለጠ ሰው እንደሚያድን አሳይተዋል። በመርፌው ዳኑ ከተባሉትም የሚያገረሽባቸው፣ ደግመው የሚወጉ አሉ። ግን መርፌው ያላላው ጡንቻ ተመልሶ ይጠነክራል፤ ቢላዋ የቆረጠው አይመለስም። መድኃኒቱ ጊዜያዊ መሆኑን ሌላው እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል፤ ለእትዬ ግን የፈለግነው ያንኑ ነበር።

ተወጋች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አየር እያመለጣት ተሳቀቀች፤ ቤተ ክርስቲያንም ቀረች። ከዚያ ተዋት። በሁለተኛው ወር ሌሊት ደውላ ቀሰቀሰችኝ፤ እዚያ ቀን ነው። ደነገጥኩ። «ምንም አልሆንኩም፤ ዛሬ አንድ እንጀራ ሙሉ በላሁ ልልሽ ነው» አለችኝ። በዚያ ሌሊት ሁለታችንም አለቀስን።

አሁን ከተመለሰች ዓመት አልፏታል። ባለፈው እሑድ አንዲት የማኅበር ጓደኛዋን ይዛብኝ መጣች። ሴትየዋ ቡናው እስኪቀርብ ዳር ዳር ስትል ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኪንታሮት እያሰቃየኝ ነው፣ ሲስተር» አለችኝ።

አፌን ሳልከፍት እትዬ ቀደመችኝ። «ማን አይቶት?»