በጆሮዬ ስላነበብኋቸው የታሪክ መጻሕፍት

በዚህ መጽሔት ባለፉት ዓመታት የወጡትን ጽሑፎች ስመለከት፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች ስላነበቡት መጽሐፍ ወይም ስለ ጐበኙት አገር የጻፉ ሆነው አገኘኋቸው። እኔ ግን ዘንድሮ ልጽፍ ያሰብሁት በዓይኔ ስላነበብሁት ሳይሆን በጆሮዬ ስለ ሰማሁት መጽሐፍ ነው። ይኸውም በድምፅ እየተተረኩ ስለሚቀርቡት የታሪክና የመንግሥት ምሥጢር መጻሕፍት ነው። ከ10ኛ ክፍል ጀምሬ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት በምመላለስበት ታክሲ ውስጥ፣ ማታም የቤት ሥራዬን ከጨረስሁ በኋላ፣ ቍጥራቸው ከ30 የማያንስ እንደነዚህ ያሉ መጻሕፍት ሰምቻለሁ። የምሰጠው አስተያየት የተማሪ አስተያየት ስለሆነ፣ ጐድሎ የሚያገኙት አንባብያን እንዲሞሉልኝ እለምናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ክርክር አለኝ። መጽሐፍን መስማት ማንበብ አይባልም፣ ይህ ስንፍና ነው የሚሉ መምህር አሉ። መምህሬን አከብራለሁ፤ በዚህ ነገር ግን አልስማማም። በአገራችን ታሪክ ከመነበቡ በፊት ሲሰማ የኖረ ነው። አዋጅ ነጋሪት እየተጐሰመ ይነገር ነበር እንጂ ታትሞ በየቤቱ አይታደልም ነበር። ደብዳቤ የመጣለትም ሰው ፊደል የቈጠረ ጐረቤት ፈልጎ ያስነብብ ነበር። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ፣ ገጹን ሳይገልጥ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማው ሰው ስንት ነው! አያቴ እስከ ዛሬ ድረስ የዚያን መጽሐፍ ሰዎች የሚያውቋቸው በወጋየሁ ድምፅ ነው። በእኛም ዘመን በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 «ሸገር መቆያ» ላይ እሸቴ አሰፋ የስለላውንና የመፈንቅለ መንግሥቱን ታሪክ ሲተርክ፣ ታክሲው ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ሲያዳምጥ አይቻለሁ። ወያላው እንኳ ሒሳብ መቀበሉን ረስቶ ነበር፤ ማስታወቂያ ሲገባ ግን አስታወሰ።

ይህን ካልሁ በኋላ፣ ጆሮ እንደ ዓይን አለመሆኑን መናገር ይገባኛል። በመጽሐፍ ላይ የግርጌ ማስታወሻ አለ፤ ፎቶግራፍ አለ፤ በመጨረሻውም ገጾች የደብዳቤና የቃለ ጉባኤ ግልባጭ አለ። ተራኪው እነዚህን ሁሉ ዘልሎ ያልፋቸዋል። አንባቢ የተጠራጠረ እንደሆነ ወደ ኋላ ገልጦ ያመሳክራል፤ ሰሚ ግን በታክሲ ውስጥ ቆሞ፣ አንድ እጁ በብረቱ ላይ፣ አንድ እጁ በቦርሳው ላይ ሆኖ ምን ሊያመሳክር ይችላል? ከዚህም በቀር ደራሲው «ይመስለኛል» ብሎ በጥንቃቄ የጻፈው ነገር፣ ተራኪው ጐርናና ድምፅ ያለው ሲሆን፣ በምስክር እንደ ተረጋገጠ ሆኖ ይሰማል። ከበስተኋላ የሚገባው ዋሽንትም አለ። እኔ ዋሽንት እወዳለሁ፤ ነገር ግን አንድ ባለሥልጣን ስለ ራሱ በሚናገርበት ምዕራፍ ዋሽንት ሲነፋለት፣ ገና ምን እንዳደረገ ሳልሰማ ማዘን እጀምራለሁ። ስለዚህ በታሪክ መጽሐፍ ትረካ ውስጥ ሙዚቃ ባይገባ እመርጣለሁ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ሁሉም ከሰማ በኋላ ነው የሚሰማው። እኔ ከነዚህ መጻሕፍት እንደተረዳሁት፣ ይህ ነገር በሕዝብም ላይ ይደርሳል። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ሞታቸው ለሕዝብ በይፋ ሳይነገር ተደብቆ ቆየ። የገዛ ንጉሡን ሞት ያልተነገረው ሕዝብ ለራሱ ነገር ባዳ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሞቱ፤ ለሕዝብም የተነገረው በሕመም ምክንያት ማረፋቸው ነበር። አያቴ በዚያን ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ዜናውን የሰሙት ከጐረቤት ቤት ሬዲዮ ነው፤ ትልልቆቹ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ እንጂ አንድም ቃል አልተናገሩም ይላሉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ዐፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቈፍሮ ወጣ። በኋላም በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በቀረበው ክስ ታፍነው እንደ ተገደሉ ዐቃቤ ሕግ ገለጸ። ዐፅማቸው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። በሞታቸውና በቀብራቸው መካከል 25 ዓመት አለፈ።

ይህን ታሪክ ከአንድ ትረካ ላይ ስሰማ አብረውኝ የነበሩት አያቴ፣ «ያኔም የተናገረው ሰው ድምፁ ያማረ ነበር» አሉ። እኔ ስለ ድምፅና ስለ እውነት ብዙ ገጽ ብጽፍ ከዚህ የተሻለ አልናገርም።

ከሰማኋቸው መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ ያደከሙኝ፣ በደርግ ዘመን በሥልጣን ላይ የነበሩ ሰዎች ስለዚያ ዘመን የጻፏቸው ናቸው። ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»ን በ2004 ዓ.ም. አወጡ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ ከረዥም እስር ከተፈቱ በኋላ «እኛና አብዮቱ»ን አሳተሙ፤ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ፍሥሐ ደስታ ደግሞ «አብዮቱና ትዝታዬ»ን ጻፉ። ሦስቱም በአንድ አዳራሽ ሲሰበሰቡ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከነዚህ ሁለቱን የሰማሁት በአንድ ተራኪ ድምፅ ስለ ነበር፣ ሁለት ባለ ጉዳዮች በአንድ አፍ ሲናገሩ የምሰማ እየመሰለኝ ማን ምን እንዳለ ይምታታብኝ ጀመር። መፍትሔ ያገኘሁት በደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሬ፣ በየቀኑ የሆነውን በየዓምዱ በመጻፍ ነው። እንዲህ ሳደርግ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ሰው የሌላውን ጥፋት ሲተርክ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነበሩትን ሰዎች ያስታውሳል፤ ወደ ራሱ ሲመጣ ግን «ተወሰነ»፣ «ተደረገ»፣ «ርምጃ ተወሰደ» ይላል። የአማርኛ መምህራችን ስለ ተደራጊ ግሥ ያስተማሩን ጥቅሙ እዚህ ላይ ገባኝ። ቢሆንም ባይጽፉት ኖሮ ይህን ያህል እንኳ ባላወቅን ነበር፤ ስለዚህ መጻፋቸውን አልነቅፍም።

ከነዚህ ጋር የማነጻጽረው ጸሓፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስር ቤት ሳሉ የጻፉትን ማስታወሻ ነው። ጸሐፊው ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከ60 ያህል ሰዎች ጋር ያለ ፍርድ ስለ ተገደሉ፣ ጽሑፋቸው ታትሞ ለማየት አልታደሉም። እርሳቸውም ስለ ራሳቸው የሚከራከሩ ናቸው፤ ነገር ግን የሚከራከሩት ነገ ምን እንደሚደርስባቸው ሳያውቁ ነው፤ ይህም ለጆሮ ይታወቃል።

እንግሊዝኛዬን ለማሻሻል ብዬ የሰማሁት አንድ የውጭ አገር መጽሐፍም አለ። ይህም ቦብ ውድዋርድና ካርል በርንስታይን የተባሉ የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኞች ስለ ዋተርጌት ጉዳይ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 1972 በዲሞክራቲክ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሌሊት የተያዙ 5 ሰዎች ነገር እየተጐተተ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዘንድ ደረሰ። ጋዜጠኞቹ አንድ ሰው የነገራቸውን ከባድ ነገር፣ ሌላ ሁለተኛ ሰው ካላረጋገጠላቸው በቀር ላለመጻፍ ይጠነቀቁ ነበር። በስውር ይረዳቸው የነበረው ባለሥልጣን ማርክ ፌልት የተባለው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሹም መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ጋዜጠኞቹ ስሙን ከ30 ዓመት በላይ ጠብቀዋል። ዛሬ በስልኬ ላይ «ያልተሰማ ምሥጢር» እያሉ የሚጮኹት ትረካዎች ግን ሁለተኛ ምስክር ይቅርና የመጀመሪያውንም አይነግሩኝም።

ኒክሰን በቢሮአቸው የሚነጋገሩትን በቴፕ ያስቀርጹ ነበርና የጣላቸው የገዛ ድምፃቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1974 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከቴፖቹ በአንደኛው ላይ 18 ደቂቃ ተኩል ያህል ተደምስሶ ተገኘ። በዚያ ቦታ ላይ ምን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ ስለዚህ ባዶ ቦታ ያነበብሁትን ለአያቴ ስነግራቸው አልተደነቁም፤ «የኛማ ከዚያ ይረዝማል» አሉ።

አያቴ ይህን ያሉበትን ምክንያት ልግለጽ። አንድ ታላቅ ወንድም ነበራቸው። ቀን ልብስ ሰፊ ዘንድ እየሠራ ማታ ይማር ነበር። በ1970 ዓ.ም.፣ በ19 ዓመቱ፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሌሊት መጥተው ከቤት ወሰዱት። እናታቸው 3 ወር ሙሉ ስንቅ ሲያመላልሱ ቆይተው፣ አንድ ቀን በሩ ላይ ያለው ሰው «ከእንግዲህ አታምጪ» አላቸው። ሌላ ነገር አልተነገራቸውም። ልቅሶ መቀመጥም አልተቻለም። አያቴ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቈጥረው ነበር፤ አሁን ግን ዓይናቸው ደክሟል፤ ስለዚህ እኔ የምሰማውን አብረውኝ ይሰማሉ። ስለ ቀይ ሽብር የሚተርክ መጽሐፍ ሲሆን ቡናውን እንኳ ሳያማስሉ ትተው ያዳምጣሉ። አንድ ምዕራፍ ባለቀ ቍጥር፣ «አነሡት?» ይሉኛል። እኔም፣ «አላነሡትም፣ እማማ» እላቸዋለሁ። በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሚኒስትሩና ጄኔራሉ በስም ይጠራሉ፤ የልብስ ሰፊው ረዳት ግን «በርካታ ወጣቶች» ከሚለው ቃል ውስጥ ነው ያለው።

ባለፈው ክረምት አንድ ተራኪ፣ ስለዚያ ዘመን የሚያወራ መጽሐፍ አንብቦ ሲጨርስ፣ የሟቾቹን ስም ዝርዝር ከመጽሐፉ ላይ ታገኙታላችሁ ብሎ ዘጋው። አያቴ፣ «ለምን አያነበውም?» አሉ። ጊዜ ስለሚፈጅ ይሆናል አልኋቸው። «ለሹማምንቱ 12 ሰዓት አንብቦ የለም እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉን ለመግዛት ብጠይቅ ገበያ ላይ የለም አሉኝ፤ በመጨረሻ ከአንድ ጐረቤት ተውሼ አመጣሁ። ዝርዝሩ 4 ገጽ ነበር። ማታ ከእራት በኋላ ተቀምጬ አነበብሁላቸው።

ስሙ አልነበረበትም። ከሁለተኛው ገጽ ላይ፣ የፊደሉ ተራ ሲያልፍ፣ እንደሌለ ሁለታችንም ዐውቀናል። እኔ ማቆም ፈልጌ ነበር፤ እርሳቸው ግን፣ «ለምን ታቆማለህ? የነዚህም እኅቶች ይሰማሉ» አሉኝና እስከ መጨረሻው አነበብሁ። መካከል ላይ ሁለት ጊዜ አስቁመውኛል። አንደኛውን ሰው ከሰፈር ያውቁታል፤ ኳስ ይጫወት ነበር አሉ። ሁለተኛው የሴት ልጅ ስም ነበር፤ ስለ እርሷ ምንም ሳይናገሩ ድገመው ብቻ አሉኝ፤ ደገምሁት። ያን ማታ ዋሽንትም ጐርናና ድምፅም አልነበረም፤ ጉንፋን ይዞኝ ስለ ነበር ድምፄ እንዲያውም ሻካራ ነበር። ከሰማኋቸውና ካሰማኋቸው ሁሉ ግን የዚያን ማታውን ያህል በትክክል የተነበበ የለም ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ መጽሐፍ በድምፅ ለሚተርኩ ሁሉ ያለኝ ልመና አንድ ነው። ዋሽንቱን ይተዉልን፤ የስም ዝርዝሩን አይዝለሉብን። ሰሚው ከሰለቸው ራሱ ማለፍ ይችላል፤ የሚጠብቅ ሰው ካለ ግን ከተራኪው ሌላ የሚያነብለት የለውም።

የአያቴ ወንድም ስም በዚህ መጽሔት እንዲወጣ አያቴ ስላልፈቀዱ አልጻፍሁትም። ከወላጆች መካከል ስለ 1969 እና ስለ 1970 ዓ.ም. የሚናገር፣ የስም ዝርዝር ያለበት መጽሐፍ ወይም የተባዛ ወረቀት በቤቱ ያለው ሰው ቢኖር፣ በልጁ እጅ ወደ 12ኛ ክፍል ቢልክልኝ በ3 ቀን ውስጥ አንብቤ፣ በጋዜጣ ለብጄ እመልሳለሁ።