ኦቲዝም ያለበት ልጅም ያድጋል፤ ሕክምናውስ?



ስለ ኦቲዝም በጻፍኩ ቁጥር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሕፃናት ናቸው። «ሦስት ዓመት ሞልቶታል፣ ግን አይናገርም»፣ «ስሟን ስጠራት አትዞርም»። ዛሬ ግን ብዙም ስለማይጠየቅላቸው ላወራችሁ ነው፤ ስለ አዋቂዎቹ።

ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት በ2002 እ.ኤ.አ. ነበር። ያኔ ሕፃን የነበሩት ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ኦቲዝም በልጅነት መጥቶ የሚያልፍ በሽታ አይደለም። አእምሮ ድምፅን፣ ብርሃንን፣ ንኪኪንና ንግግርን የሚያስተናግድበት የተለየ መንገድ ስለሆነ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ግምቱ በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ይገልጻል።

እነዚህ ሰዎች እንደ ማንኛችንም ጥርሳቸውን ያማቸዋል፣ ጨጓራቸው ይቃጠላል፣ ስኳርና ደም ግፊትም ይይዛቸዋል። ልዩነቱ ብዙዎቹ ሕመማቸውን የሚገልጹበት መንገድ ነው።

አንድ ታካሚዬን ላንሳ፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። የ27 ዓመት ወጣት ነው፤ በቃል ብዙ አይናገርም። ለሦስት ሳምንት ጉንጩን በእጁ ይመታ፣ ሌሊት ይነሳ ጀመር። የሚወደውን ቆሎም እምቢ አለ። ሌላ ቦታ ሲታይ «ኦቲዝሙ ብሶበት ነው» ተብሎ የሚያረጋጋ መድኃኒት ተጨምሮለት ነበር። እናቱ ግን «ዶክተር፣ ልጄን አውቀዋለሁ፤ ይሄ ኦቲዝሙ አይደለም» አሉኝ።

የዕለቱ ተራ መጠበቂያ በሰውና በጩኸት የተሞላ ነበር። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆይተው ተራቸው ሲደርስ በስልክ ተጠሩ። የምርመራ ክፍሉን ዋና መብራት አጠፋን። «ምኑን ያመዋል?» ብዬ እናቱን ከመጠየቄ በፊት «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ብዬ ራሱን ጠየቅኩት፤ የሰው ምስል ያለበት ወረቀትም ሰጠሁት። ዝም አለ። እኔም ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ከቆይታ በኋላ ጣቱን ምስሉ መንጋጋ ላይ አሳረፈ። ባትሪውን በመጀመሪያ እናቱ አፍ ውስጥ አብርቼ አሳየሁት፤ ከዚያ የራሱን ከፈተልኝ። የኋላ ጥርሱ በልቶ ድዱ መግል ይዟል። ጥርሱ ታክሞ በቀናት ውስጥ እንቅልፉ ተመለሰ፤ የተጨመረው መድኃኒትም ቀስ በቀስ ተቀነሰ።

ይህ በሕክምና የታወቀ ወጥመድ ነው። ካርዱ ላይ «ኦቲዝም» ተብሎ ከተጻፈ አዲስ የመጣው ምልክት ሁሉ በእሱ ይሳበባል። ስለዚህ የአዋቂ ልጃችሁ ጠባይ በድንገት ሲለወጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰውነቱን የት ያመው ይሆን?» ይሁን። ጥርስ፣ ጆሮ፣ የሆድ ድርቀት፣ ጨጓራ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ራስ ምታት፣ የወር አበባ ሕመም፣ በቅርቡ የተጀመረ ወይም የተቀየረ መድኃኒት፤ እነዚህ ሁሉ ይታዩ።

ወደ ሕክምና ስትሄዱ ይህን አድርጉ፦

1. አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ፤ ከተቻለ ከራሱ ጋር ሆናችሁ። እንዴት ይግባባል? ሲያመው ምን ያደርጋል? ምን ያስፈራዋል? ምን ያረጋጋዋል? የሚወስዳቸው መድኃኒቶችም ይጻፉ።
2. የጠዋት የመጀመሪያ ተራ ወይም ውጭ መጠበቅ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። ይህ ልመና አይደለም፤ የሕክምናው አካል ነው።
3. ምን እንደሚደረግ ቀድማችሁ ንገሩት። የቦታውን ፎቶ ማሳየት ይረዳል። «መርፌ የለም» ብላችሁ አትዋሹ፤ አንዴ ከተዋሸ ለዓመታት አይረሳም።
4. ጫጫታ የሚረብሸው ከሆነ የጆሮ ማዳመጫውን ወይም የሚያረጋጋውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።
5. መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ። ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየ የሚጥል በሽታ፣ ውኃ እንኳ አለመውሰድ፣ ራስን መሳት፣ ለመተንፈስ መቸገር ከታየ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ ተምረው ሥራ የያዙ ኦቲዝም ወይም ኤዲኤችዲ ያለባቸው ሰዎችም አሉ። አንዲት ታካሚዬ «ዶክተር፣ ዓይን ዓይንዎን ካየሁ የሚሉትን አልሰማም» አለችኝ። ጎንበስ ብላ እያዳመጠች ያልኩትን አንድ በአንድ ደገመችልኝ። ዓይን አለማየት ንቀት አይደለም። ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ቀጠሮ ሲረሳም ግዴለሽ ስለሆነ አይደለም፤ በጽሑፍ የተሰጠ መመሪያና በስልክ የሚደርስ ማስታወሻ ብዙ ያግዘዋል።

ወላጆች ሆይ፣ ለዓመታት የልጃችሁ አፍ ሆናችኋል፤ ድካማችሁን አውቃለሁ። ሐኪሙ ለእናንተ ብቻ ሲያወራ ግን «እባክዎ እሱንም ይጠይቁት» በሉ። መልሱ በቃል፣ በጣት፣ በስልክ ጽሑፍ ወይም እጅን በመግፋት ሊመጣ ይችላል። እጅ መግፋትም መልስ ነው፤ ቆም ብሎ ሌላ መንገድ መፈለግ ይገባል።

ይህን ጽሑፍ ለምታውቁት የጤና ባለሙያም አጋሩት። ልጃችሁ ሲያመው በምን ታውቃላችሁ? በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ፤ የእናንተ ልምድ ለሌላው ቤተሰብ ይጠቅማል።

ጤና ይብዛላችሁ!