ውሃ ጠጪ አሉኝ

የመጀመሪያ ልጄ የሞተው ገና በሆዴ ሳለ ነው። ምጡ ቀንና ሌሊት ተፈራርቆበት የልምድ አዋላጇም ሲያቅታት፣ የመንደራችን ጎረምሶች ቃሬዛ አስረው ከጎጃም ቆላ እስከ መኪና መንገድ ተሸከሙኝ። አቀበቱን ትከሻ እየተለዋወጡ ሲወጡ አንዳቸውም አላማረሩም። ይህን የማስቀድመው በኋላ የምናገረው እንዳያሳስት ነው፤ ሰዎቼ ክፉዎች አልነበሩም።

ነፍሴ ተረፈች፤ ሽንቴን መቆጣጠር ግን አቃተኝ። ቆሜም ተኝቼም ይፈሳል። ባለቤቴ ጥቂት ታገሠና ወደ እናቴ ቤት መልሶኝ ሌላ አገባ። እነዚያው የተሸከሙኝ ጎረምሶች መንገድ ላይ ሲያዩኝ አፍንጫቸውን ይዘው ዞር ይሉ ጀመር።

ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። ለሰው የአንድ ቀን ሸክም አይከብደውም፤ መድረሻው ይታየዋላ። መጨረሻው የማይታወቅ መከራ ግን ያሸሸዋል። በየማለዳው እንደ አዲስ የሚነሣ ርኅራኄ ያየሁት እናቴ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ወንዝ ሳይወርድ፣ በጨለማ፣ ጨርቄን አጥባ ትመለስ ነበር። አንድም ቀን ፊቷ ሲጠቁር አላየሁም።

ቡና ሲፈላ እኔ ጓሮ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ተሳልሜ እመለሳለሁ። ጸበልም ተጠመቅሁ። ካልጠጣሁ አይፈስም ብዬ ውሃ ስተው፣ ሽንቱ እየጠነከረ ጭኔን ላጠው። ከቁስሉ ይልቅ ያደቀቀኝ ግን በዓለም ላይ እንዲህ የሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ የሚለው ሐሳብ ነበር።

“ይህ እኮ ይድናል” ያለችን ለክትባት የመጣች ነርስ ናት። እናቴ በጎቿን ሸጠች። አውቶቡስ ላይ ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ ረዳቱም ሊያወርደን ቃጣ። የማናውቃቸው አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጥፈው ከሥሬ አነጠፉና “ልጄ ናት፣ ትቀመጥ” አሉ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

አዲስ አበባ፣ ፌስቱላ ሆስፒታል ግቢ ስንደርስ ሴቶች በተርታ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከእግራቸው ሥር መሬቱ እርጥብ ነው። ከትግራይ የመጣች አለች፣ ከሐረር፣ ከወላይታ። የአንዳንዶቹን ቋንቋ አልሰማም፤ የደረሰባቸውን ግን ሳይነግሩኝ አወቅሁት። አንዷ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ቀዶ ጥገናው ሳይጀመር ግማሹ ሕመሜ የለቀቀኝ እዚያ መሬት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ትእዛዝ “ውሃ ጠጪ” የሚል ነበር። “በደንብ ጠጪ፣ እዚህ ማንም አይጸየፍሽም።” ያን ያህል ውሃ ጠጥቼ አላውቅም።

ሐኪሞቹ አስረዱኝ። የልጁ ራስ የዳሌ አጥንት ላይ ተቀርቅሮ ሲቆይ መሀል ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ በሞተው ሥጋ ቦታ ከሽንት ፊኛ ወደ ማሕፀን መውጫ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ፌስቱላ የሚሉት ይህን ነው። ርግማን አልነበረም። በጊዜው በቀዶ ጥገና ብወልድ ኖሮ ልጄም ሊተርፍ ይችል ነበር።

ሆስፒታሉን እ.ኤ.አ. በ1974 የመሠረቱት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ናቸው። ከአውስትራሊያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ካትሪን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስ ኑሯቸው እዚሁ አገር ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ግን የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ነገር ነው፤ እንደኛው ታመው መጥተው፣ የትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጡ፣ ሌሎችን የሚጠግኑ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆነዋል።

ቱቦ ገብቶልኝ በጀርባዬ ተኝቼ ሰነበትኩ። ቱቦው በወጣ ማግስት አንሶላውን ደጋግሜ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ከጎኔ የነበረችው ግን አልተሳካላትም። እንደ እሷ ላሉት ደስታ መንደር የሚባል መኖሪያ ተሠርቷል። ስለ ራሴ መዳን ስናገር እሷን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም።

ሰው ስለ ደስታ ሲናገር ሩቅ ያለ ነገር ያስመስለዋል። እኔ የማውቀው ደስታ አቦሉን ጠጥቶ፣ ቶናውን ጠጥቶ፣ በረካው እስኪደርስ ከሰው መሀል ሳይነሡ መቀመጥ ነው። በኋላ እንደታዘዝኩት ሆስፒታል ሄጄ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ወለድኩ። የመጀመሪያውን እርሺው የሚሉኝ አሉ፤ አልረሳውም። እሱን ይዤም መሳቅ እችላለሁ።

ዛሬ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም የፌስቱላ ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ሕክምናው በነፃ ነው። ነፍሰ ጡር ያለቻችሁ፣ ቀኗ ሳይደርስ ጤና ጣቢያ ወዳለው የእናቶች ማቆያ አድርሷት። ከጓሮ ጎጆ የተሸሸገች ሴት የምታውቁ ደግሞ “አይዞሽ” ብላችሁ አትለፏት፤ ይዛችኋት ሂዱ።