ጥያት የሮጥኩ ዕለት

መጥፎውን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። የአራት ዓመት ልጄን መኪና ውስጥ ከነቀበቶዋ ጥዬ ሮጫለሁ። ያስሮጠኝ እሳት አልነበረም፤ ዘራፊም አልነበረም። ሸረሪት ናት።

ነገሩ የሆነው እዚህ ሜልቦርን፣ ከፉትስክሬይ ወደ ሰንሻይን በሚወስደው ባላራት ጎዳና ላይ ነው። ወሩ ፌብሩዋሪ፤ የዚህ አገር በጋ አናት ላይ የሚወጣበት ጊዜ። ልጄን ከኪንደር፣ ከሕፃናት ትምህርት ቤቷ፣ አውጥቼ ስነዳ ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝና ከፊቴ ያለውን የፀሐይ መከለያ ወደ ታች ሳብኩት። አንድ ነገር ጭኔ ላይ ዱብ አለ። ክብደት የለውም። ስፋቱ ግን መዳፌን ያህላል፤ ቡናማ፣ ጠጉራም፣ እግሮቹ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን የተንሰራፉ።

መኪናውን እንዴት ዳር እንዳስያዝኩት ዛሬም አላውቅም። ሞተሩን ሳላጠፋ፣ በሩን ወለል አድርጌ ትቼ ወጣሁ። ወጥቼም አልቆምኩም። የእግረኛውን መንገድ አቋርጬ ከአንድ ጎማ ቤት አጥር ጋ ስደርስ ነው «አባዬ!» የሚለው ድምፅ የደረሰኝ።

ወዲያው ተመለስኩ ብል ደስ ባለኝ። አልተመለስኩም። አጥሩን ይዤ ቆምኩ። እግሬ እምቢ አለ። ልጄ እየተጣራች እኔ የማየው ግን መሪው ላይ ስትወጣ የነበረችውን ሸረሪት ነው። በዚያ ሲያልፉ የነበሩ አንድ ቬትናማዊ ሽማግሌ እኔን አዩኝ፤ ልጅቷን አዩ፤ ወደ መኪናው ጎንበስ አሉ። በእጃቸው የያዙትን የገበያ ማስታወቂያ ወረቀት ከሸረሪቷ እግር ሥር ሸርተት አድርገው አሳፈሯትና ወስደው የመንገድ ዳር ዛፍ ላይ አስጠጓት። ከዚያ ልጄን በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አሏት። አይዞሽ ነው መሰለኝ፤ ዝም አለች። ለእኔ የደረሰኝ አጭር እንግሊዝኛ ነው፤ «በረሮ ነው የምትበላው፣ ሰው አይደለም።»

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ጎማ አስቸግሮኝ ቆየሁ አልኳት። ልጄ ጫማዋን እያወለቀች «አባዬ ሸረሪቷን ፈርቶ ጥሎኝ ሮጠ» አለች። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍርሃቱ አውስትራሊያ የሰጠችኝ ቢሆን እንደ ጉንፋን ባወራሁት። ግን ከደብረ ብርሃን ይዤው የመጣሁት ዕቃ ነው። ሰባት ዓመቴ ገደማ ሳለ አክስቴን አልማዝ ባለጭራ ያዛት። ከጎኗ ተነሥቶ እስከ ጀርባዋ የዞረ፣ የመቀነት ግማሽ የሚመስል፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባት። ሌሊት ስታቃስት ግድግዳውን አልፎ እኛ ክፍል ድረስ ይሰማል። ሊጠይቃት የመጣው ጎረቤት ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ሸረሪት ሸንታባት ነው።» ቀና ብዬ ሳይ ደግሞ ከአልጋዋ በላይ፣ ኮርኒሱ ጥግ ላይ፣ ድሩ ተንጠልጥሏል። ለሰባት ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያስፈልገዋል? ከዚያ ወዲህ እናቴ በዓል ሲደርስ መጥረጊያውን ረጅም እንጨት ላይ አስራ ድርና ጥቀርሻ ስታራግፍ እኔ ደጅ ነኝ። ትምህርት ቤት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል የክፍል ጓደኞቼ ስለ አንድነት ያስባሉ፤ እኔ የማስበው አንበሳውን የሚያስር ድር ስለሠራችው ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ቪዛዬ ሲመጣ የአጎቴ ልጆች አንድ ሳምንት ሙሉ የአውስትራሊያ ሸረሪት ፎቶ በስልኬ ሲልኩልኝ ከረሙ። እኔም ሌሊት ሌሊት ማንበብ ጀመርኩ፤ የሚፈራ ሰው ማንበብ ደግሞ ለየት ያለ ነው፤ የሚያስፈራውን ብቻ ነው የሚይዘው። ፈነል ዌብ የምትባለው የሲድኒ ሸረሪት ሰው እንደምትገድል ያዝኩ። የመርዟ ማርከሻ እ.ኤ.አ. በ1981 ከተገኘ ወዲህ በእሷ ንክሻ የሞተ ሰው እንዳልተመዘገበ የሚለውን አለፍኩት። ሲድኒና ሜልቦርን በመኪና ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ መሆናቸውንም አለፍኩት። ጀርባዋ ላይ ቀይ መስመር ያላት ሬድባክ ጓሮ ዕቃ ቤትና ወንበር ሥር እንደምትገኝ ያዝኩ፤ ማርከሻዋ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ሐኪም ቤት መኖሩን ዘለልኩ። የእኔዋ፣ ጭኔ ላይ የወደቀችው ሀንትስማን፣ ንክሻዋ ከማመም አልፎ ለሰው የማያሰጋ መሆኑን ያወቅኩት አገሩ ውስጥ ስድስት ዓመት ከኖርኩ በኋላ ነው።

ስድስቱን ዓመት እንዴት ኖርኩ? በፍሊት። ማታ ሳልነፋ አልተኛም፤ ባለቤቴ ያስነጥሳታል፣ እኔ እነፋለሁ። የመስኮቱን ክፍተት ሁሉ በፕላስተር ለጥፌ በበጋ እንደ ዳቦ እንጋገራለን። ጓደኞቼ ከከተማ ወጣ ብለው ድንኳን ተክለው ሲያድሩ እኔ ሁልጊዜ የሌሊት ፈረቃ አለብኝ። ባይኖርብኝም።

የሚገርመው፣ ገና ከአውሮፕላን ወርጄ የቆምኩ ዕለት ያጽናናኝ የባሕር ዛፍ ሽታ ነበር። ዓይኔን ብጨፍን እንጦጦ ነኝ። ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከዚህ ተነሥቶ ነው እኛ ጋ የደረሰው፤ የአገሬ ሽታ ያልኩት የእነሱ ኖሯል። ሀንትስማን የምትኖረው ደግሞ በዚሁ በባሕር ዛፍ ልጥ ሥር ነው። ሰውነቷ ጠፍጣፋ የሆነው በዚያ ስንጥቅ እንድትሾልክ ነው፤ የመኪናዬ ፀሐይ መከለያም ለእሷ ያው ልጥ ነው። እንግዲህ ዛፉን ተቀብለን ሸረሪቷን ሳንቀበል መቅረታችንን ሳስብ ያኔ ችግኙን ያመጡትን ሰዎች አመሰግናለሁ።

ወደ ልጄ ልመለስ። ከዚያ ቀን በፊት ሸረሪት አትፈራም ነበር። ኪንደር ውስጥ በውኃ ቧንቧ ስለምትወጣ ሸረሪት በጣታቸው እያሳዩ ይዘምራሉ፤ ቤት ስትመጣ ክንዴ ላይ በጣቷ እየወጣች ትዘምርልኛለች፤ እኔም ጥርሴን ነክሼ እታገሣለሁ። ከባላራት ጎዳናው በኋላ መዝሙሩን ተወችው። መኪና ውስጥ ከመግባቷ በፊት «አለች?» ትላለች። ከፍቼ፣ መከለያውን አውርጄ፣ ምንጣፉን አንሥቼ ካላሳየኋት አትገባም። ሸረሪቷ አልነካቻትም እኮ። ያየችው የእኔን ፊት ነው። አክስቴ ቤት እኔ የጎረቤቶቹን አፍ እንዳየሁት፣ እሷም የእኔን ፊት አየች። ይህ ሲገባኝ ነው የቤተሰብ ሐኪሜ ጋ የሄድኩት።

በሸረሪት የተነሣ ሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ መሄድ ለአበሻ ወንድ ቀላል አይደለም። ፉትስክሬይ ቡና ቤት ወሬው ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም፤ ወረቀት ሞልታ ላከችኝ፤ እዚህ በዚህ ወረቀት በዓመት እስከ 10 ጊዜ መንግሥት ክፍያውን ይደጉማል። ባለሙያዋ መጀመሪያ ያሳየችኝ ሸረሪት አይደለም፤ እስክሪብቶ ነው። «ስሟን በቋንቋህ ጻፍ» አለችኝ። ሸ-ረ-ሪ-ት። ስጽፍ እጄ ሲያልበኝ አየችው። ከዚያ ፍርሃቴን ከ0 እስከ 100 ቁጥር እንድሰጠው አደረገች። ቀጥሎ የልጅ ሥዕል፣ ቀጥሎ ፎቶ፣ ቀጥሎ ቪዲዮ፣ ቀጥሎ ክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ የሞተች። ደንቡ አንድ ነው፦ ቁጥሩ ሳይወርድ አትነሣም። ሰው በሸሸ ቁጥር ለፍርሃቱ ቀለብ እየሰፈረ ነው፤ ተቀምጦ ሲጠብቀው ግን ይደክመዋል። ይህን ደረጃ በደረጃ የመለማመድ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ካስፋፉት ዋናው ጆሴፍ ዎልፒ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪም መሆኑን ስሰማ፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣ የአህጉራችን ሰው ነው ብዬ ቀለል አለኝ።

አንድ ቀን «ለመሆኑ ሸረሪት ክፉ መሆኗን ማን ነገረህ?» አለችኝ። የአክስቴን ታሪክ አወራኋት። በሽታውን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት አብረን ፈለግን። አልማዝ ባለጭራ በልጅነት ጉድፍ የሚያስይዘው ያው ቫይረስ ነው፤ ጉድፉ ሲድን ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይተኛና ከዓመታት በኋላ ይነሣል። ሸረሪት ከነአካቴው የለችበትም። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ «እና አክስትህን የሸናባት ማነው ታዲያ?» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

ከሕክምናው እኩል የረዳኝ አንድ የወሎ ሰው ነው፤ ታክሲ የምንነዳው ሁሉ ጋሼ የምንለው። ፍሊት ስገዛ አይቶኝ «አንተ፣ ሸረሪት አይገደልም» አለኝ። ነቢዩ ሙሐመድ ከመካ ሲሰደዱ ከአቡበከር ጋር ሰውር ዋሻ ተጠግተው ሳለ፣ ሸረሪት ደጁ ላይ ድሯን አድርታ አሳዳጆቹ እዚህ ማንም አልገባም ብለው እንዲመለሱ ማድረጓን ከአያቱ እንደሰማ አወራኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እናቴም ማርያም ማርያም ስትል ነው ያሳደገችኝ። ግን በአገራችን፣ በዚያ በልጅነት ዕድሜ፣ አንዱ ቤት ስለ ሽንቷ ሲነገር ሌላው ቤት ስለ ድሯ እንደሚነገር አስቤ አላውቅም ነበር።

በሕክምናው ሦስተኛ ወር ሜልቦርን ሙዚየም ሄድን፤ በሕይወት ያሉ ሸረሪቶች በመስታወት ውስጥ የሚታዩበት ክፍል አለ። ልጄን ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ሀንትስማኗ ፊት ቆምኩ። ስምንት ዓይን አላት፤ አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ የተሰካኩ፣ እንደ ጥቁር ዶቃ። 80 ብዬ ጀመርኩ። ልጄ ፀጉሬን ይዛ ቆጠረችልኝ። 55 ላይ ስንደርስ ርቦኛል አለችና ወጣን።

ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ልጄ «አባዬ፣ ናማ» ብላ ጠራችኝ። ከአልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ ናት፤ ትልቅ። ባለቤቴን ልጠራት አፌ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። ብርጭቆ አይበቃትም፤ ሽሮ የሚቀመጥበትን ፕላስቲክ አጥቤ አመጣሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ከደንኩባት። የአንድ እግሯ ጫፍ ጠርዙ ሥር ሊያዝ ሲል ልጄ «ቀስ፣ ቀስ» አለችኝ፤ ከፍ አደረግኩት፤ ሰበሰበችው። ከሥሯ የማሾልከው ወረቀት ስፈልግ እጄ የገባው ያለፈው ዓመት የአገር ቤት ቀን መቁጠሪያ ነው። የጳጉሜን ገጽ ሸርተት አድርጌ አስገባሁ። ፕላስቲኩ ውስጥ ስትራመድ ወረቀቱ ላይ የሚሰማው ድምፅ፣ ጤፍ ሰፌድ ላይ ሲፈስ ያለው ዓይነት ነው።

ጓሮ ወጣን። ልጄ በስልኬ ባትሪ እያበራችልኝ ባሕር ዛፉ ሥር ደርሰን ከፈትኩላት። ትንሽ ቆመች። ከዚያ በጎኗ ሮጣ ከተላጠው ልጥ ሥር ገባች።

«ስንት?» አለችኝ ልጄ።

«አርባ» አልኳት። «አንቺስ?»

«ዜሮ» አለችና፣ ባትሪውን ወደ ጫማዬ አዞረችው፤ ሳላራግፍ ነበር ያጠለቅኩት።