ማንም ያልጠየቀኝ ስህተት

በጉምሩክ ሥራ የሚያስቀጣ የምደባ ስህተት አለ፤ የማያስቀጣም አለ። የሚያስቀጣው መንግሥት ማግኘት የነበረበትን ቀረጥ የሚያሳጣው ነው። ፈላጊው ብዙ ነው። በፍተሻ ቢያልፍ ዕቃው ከወጣ በኋላ በሚደረግ ኦዲት ይያዛል፤ ልዩነቱ ከነቅጣቱ ይጠየቃል፤ ዕቃውን በጉምሩክ የሚያስፈጽመው የትራንዚተሩም ፈቃድ አደጋ ላይ ይወድቃል። የማያስቀጣው አስመጪውን ያለ ዕዳው የሚያስከፍለው ነው። አስመጪው አያውቅም፣ መንግሥት ገንዘቡን ተቀብሏል፣ የሚያውቅ ቢኖር ዲክላራሲዮኑን የሞላው ሰው ብቻ ነው። እኔ ትራንዚተር ሆኜ የሠራሁት ይህንን ሁለተኛውን ነው። ካወቅሁት በኋላም ዝም አልኩ።

ሰው ትራንዚተርን የሚያውቀው በሩጫው ነው፤ ፋይል በብብቱ ይዞ ከቃሊቲ ሞጆ ሲመላለስ፣ ኮንቴነሩ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) እንዳይቆጥር ሲጣደፍ። ሥራው የሚቃናውም የሚበላሸውም ግን በአንድ ቁጥር ነው። ወደ አገር የሚገባ ዕቃ ሁሉ፣ መርፌም ይሁን ክሬን፣ የታሪፍ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ የተቀዳው ዋና ጽሕፈት ቤቱ ብራስልስ የሆነው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ከሚያስተዳድረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ከሚሠራበት የምደባ ሥርዓት ነው። በሕይወት ካሉ እንስሳት ይጀምርና በምዕራፍ 97 በሥነ ጥበብ ሥራዎችና በቅርሶች ይጨርሳል። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች ሥርዓቱን በተቀበለ አገር ሁሉ አንድ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል። ከቁጥሩ ትይዩ የቀረጡ ምጣኔ ተጽፏል፤ በእኛ ታሪፍ ከዜሮ ተነስቶ 35 በመቶ ይደርሳል። በጥቅሉ ሲታይ ለሥራ የሚውለው ማሽን ወደ ታች፣ ቤት ገብቶ የሚያርፈው ዕቃ ወደ ላይ ነው።

ደንበኛዬ ዱባይ ለዓመታት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ባጠራቀመችው ገንዘብ ሰፈሯ ውስጥ ካፌ ልትከፍት አስባ ዕቃዋን ከሌሎች ሰዎች ዕቃ ጋር በአንድ ኮንቴነር አስጫነች፤ ለቤቷ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ለካፌው ባለ ሁለት እጅ የማኪያቶ ማሽን። ሻጩ ሦስቱንም በአንድ ኢንቮይስ አስፍሮ ከላያቸው የቤት ዕቃዎች የሚል ርዕስ ሰጥቷቸዋል። የማኪያቶ ማሽኑን «ኮፊ ሜከር» ብሎ ነው የጻፈው፤ ሌላ ዝርዝር የለውም። ታሪፉን ከፈትኩ። 85.16 ሥር 8516.71 አለ፤ ቡና ወይም ሻይ ማፍያ ይላል። ሞላሁት። በፍተሻ ብዛቱም ሁኔታውም ከወረቀቱ ጋር ገጠመ። ከፈለች፣ ዕቃው ወጣ።

ማሽኑን ሳላየው ቀርቼ አይደለም። ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው፣ የራሱ ቦይለር ያለው፣ በቀጥታ ከውኃ ቧንቧ ጋር የሚገጠም ነበር። ማንም ሰው የቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ያስቀምጠዋል ብሎ የሚያስበው ዓይነት አልነበረም። ዓይኔ ማሽኑ ላይ እያለ ቁጥሩን የወሰድኩት ከወረቀቱ ነው። ከፍሪጁና ከልብስ ማጠቢያው ጋር ተደርድሮ ስለመጣ የእነሱ ቤተሰብ መሰለኝ፤ በዚያ ላይ ያን ሳምንት የሌሎች ሰዎች ፋይሎች ተደራርበውብኝ ነበር። መደራረቡን የጠቀስኩት ስለተከሰተ ነው እንጂ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፤ ፋይል ያልተደራረበበት ትራንዚተር አላውቅም።

የታሪፉ አንቀጽ 85.16 ውሃ ማሞቂያውን፣ ፀጉር ማድረቂያውንና ካውያውን ከዘረዘረ በኋላ የሚጠቅሳቸው ሌሎች በኤሌክትሪክ የሚሞቁ መሣሪያዎች ለቤት አገልግሎት የሚውሉ ዓይነት መሆን አለባቸው። አንቀጽ 84.19 በበኩሉ ነገሮችን በማሞቅ፣ በማብሰል፣ በማቀዝቀዝና በመሳሰለው የሙቀት ለውጥ የሚያዘጋጁ ማሽኖችን ይይዝና፣ ለቤት አገልግሎት የሚውለውን ዓይነት በግልጽ ያስወጣል። በሥሩ 8419.81 አለ፤ ትኩስ መጠጥ ለማዘጋጀት ወይም ምግብ ለማብሰልና ለማሞቅ የሚውሉት እዚያ ናቸው። የካፌ የማኪያቶ ማሽን ቦታው ይኸው ነው። ሁለቱም አንቀጾች የሚጠይቁት የማሽኑን ዓይነት ነው፤ ገዢው ማን እንደሆነ፣ የት ሊተክለው እንዳሰበ አይጠይቁም። አንድ ባለጸጋ ያንኑ ማሽን ቪላው ውስጥ ቢያስገጥመው ከ84.19 አይወጣም። ካፌ ውስጥ የምትሠራ ትንሽ የቤት ማፍያም 85.16 ናት። ከምደባ ሥርዓቱ ስድስት የትርጓሜ ደንቦች የመጀመሪያው ምደባ የሚወሰነው በአንቀጾቹ ቃልና በክፍልና በምዕራፍ ማስታወሻዎች ነው ይላል። ሻጭ ለዕቃው ያወጣለት ስም በየትኛውም ደንብ ውስጥ የለም። ደንቦቹን ለፈቃድ ስፈተን በቃሌ ነበር የማውቃቸው።

የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ደግሞ በቀረጡ ብቻ አይቆምም። እዚህ ላይ ብዙ አስመጪ ሒሳቡን አያየውም። ጅቡቲ ወርዶ፣ ጭነቱና መድኑ ተጨምሮ 100,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ እንበል፤ በአንዱ ቁጥር 10 በመቶ፣ በሌላው 30 በመቶ ቀረጥ አለበት እንበል። የቀረጡ ልዩነት 20,000 ብር ነው። ነገር ግን 15 በመቶ ቫት የሚሰላው ቀረጡ በተጨመረበት ዋጋ ላይ ነው፤ 10 በመቶ ሱር ታክስ ደግሞ ቀረጡም ቫቱም በተጨመሩበት ላይ። ስለዚህ 20,000ው መጨረሻ ላይ 25,300 ብር ሆኖ ይወጣል። ለቫት የተመዘገበ ነጋዴ ቫቱን በኋላ ያቀናንሰው ይሆናል። ገና በሩን ያልከፈተ ትንሽ ካፌ የሚያቀናንሰው ነገር የለውም።

ስህተቴን ያገኘሁት በራሴ ትጋት አይደለም። ለሆቴሎች የወጥ ቤት ዕቃ የሚያቀርብ ሌላ ደንበኛ ተመሳሳይ ማሽኖች አስመጥቶ ፋይሉን ሲያስረክበኝ፣ «በ84.19 ነው አይደል?» አለኝ፤ እንደ ተራ ነገር። «አዎ» አልኩት። እሱ ከወጣ በኋላ ታሪፉን ገልጬ አነበብኩ።

የእሱን ማሽኖች በትክክለኛው ቁጥር አስገባሁ። የእሷን ፋይል ከመሳቢያ አውጥቼ አየሁትና መልሼ ከተትኩት። ያኔ ጊዜው ገና አላለፈም ነበር። በስህተት ተርፎ የተከፈለ ቀረጥ በጊዜ ገደቡ ውስጥ ከተጠየቀ እንደሚመለስ የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ይፈቅዳል። የሚያስፈልገው ማመልከቻ፣ የከፈለችበት ሰነድና የማሽኑ ካታሎግ ነበር። ማመልከቻው ላይ ግን ምክንያቱ መጻፍ ነበረበት፤ ምክንያቱ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ስሜ በሥራው አካባቢ በጥንቃቄ የሚታወቅ ነው፤ ደንበኛ የሚመጣልኝም በዚያ ስም ነው። ነገ አደርገዋለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት አልኩ። ከዚያ ማለቱንም ተውኩት።

በዚያው ጊዜ ውስጥ የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ ይህን ባልጽፍ ኑዛዜው ጎዶሎ ይሆናል። ለአንድ ሱፐርማርኬት ባስገባሁት ዕቃ ላይ ከሚገባው ያነሰ ቀረጥ የሚያስከፍል ቁጥር ሞልቼ እንደነበር ደረስኩበት። ያወቅሁት ማታ ነው። በማግስቱ ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ራሴ አመልክቼ፣ ደንበኛዬን አሳምኜ ልዩነቱ እንዲከፈል አደረግሁ። በዚያ ሥራዬ ተመሰገንኩ። ስህተት ማረም የማልችል ሰው አልነበርኩም እንግዲህ። ያ ስህተት ሊያስቀጣኝ ይችል ነበር፤ የእሷ ግን አያስቀጣኝም። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነበር።

ካፌው ተከፈተ። ስሄድ ሒሳብ አትቀበለኝም፤ «ጋሼ ባይኖሩ ይሄ ማሽን መቼ ይወጣልኝ ነበር» እያለች ከደንበኞቿ ጋር ታስተዋውቀኛለች። እኔም ማኪያቶዬን ጠጥቼ መርቄያት እወጣለሁ። አንድ ቀን በጨዋታ መሀል፣ ቀረጡ ካሰበችው በላይ ስለመጣባት ለቤት ኪራይ የያዘችውን ነክታ፣ አልበቃ ሲላት የሌላ ሰው የዕቁብ ዕጣ ገዝታ እንደከፈለች ነገረችኝ። «ምን ይደረግ፣ የመንግሥት ነገር» አለች። እኔም «ምን ይደረግ» አልኳት። ከሠራሁት ሁሉ ይልቅ ይህ መልሴ ያሳፍረኛል። ጥፋቴን መንግሥት ላይ ስታሳርፈው እያየሁ አጸናሁላት።

ለራሴ የምነግረው ሰበብ ታሪፉ ራሱ ያሳስታል የሚል ነበር። ማሳሳቱንስ ያሳስታል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን የቤትም ይሁን የላውንደሪ የሚገባው በአንድ አንቀጽ፣ በ84.50 ነው፤ የሚለየው በአንድ ጊዜ በሚያጥበው የደረቅ ልብስ ክብደት ነው፤ እስከ 10 ኪሎ፣ ከዚያም በላይ። ላውንደሪ ከፍቻለሁና የ8 ኪሎ ማሽኔ የኢንዱስትሪ ይባልልኝ ማለት አያዋጣም። የሳህን ማጠቢያ ግን 84.22 ሥር የቤቱ ለብቻ፣ ሌላው ለብቻ ተደርጓል። ከላይ የሚከፈተው ፍሪዘር እስከ 800 ሊትር፣ ቋሚው እስከ 900 ሊትር የየራሳቸው ንዑስ አንቀጽ አላቸው፤ የኬክ ማሳያው ፍሪጅ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። ከሁሉ የሚብሰው የማደባለቂያ ነገር ነው። 85.09 ውስጥ የሚገቡ ሞተር ያላቸው የቤት መሣሪያዎች ከ20 ኪሎ መብለጥ የለባቸውም፤ የምግብ መፍጫ፣ ማደባለቂያና ጭማቂ መጭመቂያ ግን የቤት ዓይነት እስከሆኑ ድረስ ክብደታቸው አይጠየቅም፤ የዳቦ ቤት ሊጥ ማቡኪያ ደግሞ ወደ 84.38 ይሄዳል። የትኛው ማደባለቂያ የቤት፣ የትኛው የዳቦ ቤት እንደሆነ ሁለት አዋቂዎች ቢከራከሩ አልፈርድባቸውም። አስመጪ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ምደባውን በጽሑፍ ጠይቆ ውሳኔ እንዲያገኝ የተፈቀደውም ለዚህ ነው። የማኪያቶ ማሽኑ ግን ከዚህ ሁሉ ክርክር ውጭ ነበር። አንቀጹን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይበቃው ነበር።

የነገርኳት ሥራውን ከተውኩ በኋላ ነው። ደፈርኩ አልልም፤ የምፈራው ነገር አልቆ ነበር። ካፌዋ ኪራይ ሲንርባት ወደ ጠባብ ቤት ተዛውሯል። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሄጄ ሰነዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሁለቱን ቁጥሮች አሳየኋት። አላቋረጠችኝም።

«ጋሼ፣ መቼ ነው ያወቁት?»

ነገርኳት።

«ያኔ ይመለስ ነበር?»

«ይመለስ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ጊዜው አልፏል።»

ስንት እንደነበር ጠየቀችኝ፤ አስልቼ ይዤው ስለነበር ነገርኳት። ከኪሴ ልክፈልሽ ስላት አልተግደረደረችም። «ይክፈሉኝ» አለች።

በየወሩ እያቀረብኩ ጨርሻለሁ። የተመለሰላት ግን ቁጥሩ እንጂ ገንዘቡ አይደለም። እሷ የከፈለችው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ነው፤ እኔ የመለስኩት ከዚያ በኋላ ነው። ውሳኔው ሲታወጅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፎ ሄዷል። በከፈለችው ገንዘብ ያኔ የምትገዛውን ቡናና ወተት፣ ያኔ የምትከፍለውን ኪራይ እኔ በመለስኩት ብር ማግኘት አትችልም። ይህን አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔም ልዩነቱን አስልቼ አላቀረብኩላትም። ዕዳው እንዳለ ነው። አሁንም ስሄድ ማኪያቶ ታቀርብልኛለች፤ ሒሳቡን ትቀበለኛለች።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ መሳቢያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ፋይል ካለና ጊዜው ካላለፈ ዛሬውኑ ለባለቤቱ ደውሉ። ማመልከቻው ላይ ስማችሁ ቢነሳ ይነሳ። ዕቃ የምታስመጡ ደግሞ፣ ሻጩ ኢንቮይሱ ላይ ሞዴሉን፣ አቅሙንና የኤሌክትሪክ ኃይሉን እንዲጽፍ ንገሩት። ካታሎጉን ከሌላው ሰነድ ጋር ለትራንዚተራችሁ ስጡት። ዲክላራሲዮኑ ላይ የተሞላውን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡና ለምን ያ ቁጥር እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ «ሻጩ እንዲህ ብሎ ስለጻፈው» ከሆነ አትክፈሉ፤ አንቀጹን እስከ መጨረሻው እንዲያነብላችሁ አድርጉ።